ጉልበቴን ከኮንትራስት ጋር ልነሳ ወይስ ያለ ኮንትራስት?

ጥያቄ፦ «የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። ከስምንት ወር ወዲህ ደረጃ ስወርድና ስሰግድ ቀኝ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ቁጭ ብድግ ስል ቀጭ ቀጭ ይላል። አላበጠም። ራጅ ተነሥቼ ‹ንጹሕ ነው› ተባልኩ። ሐኪሜ ኤም አር አይ አዘዘልኝ። ምርመራ ቤት ስደውል ‹ከኮንትራስት ጋር ነው ወይስ ያለ ኮንትራስት?› አሉኝ። የዋጋ ልዩነት አለው። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹ኮንትራስት ያለው የካርቲሌጅን ጉዳት ገና ሳይሳሳ ያሳያል፤ እሱን ካልሆነ እንዳትነሺ› ትለኛለች። ደም ግፊት አለብኝ። አምና ለኩላሊት ተብሎ በደም የሚለካው ክሬቲኒንሽ ትንሽ ከፍ ብሏል ተብዬም ነበር። የቱን ልነሳ? ሩጫውንስ ላቁም?»

መልስ፦ መልሱን ላስቀድም። ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም ፎቶውን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ሳይወጉ፣ ይነሱ። ሩጫውንም ጨርሰው አይተዉት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ግን ማስረዳት አለብኝ። የአክስትዎ ልጅ ከመሬት ተነሥታ አይደለም የተናገረችው። ካርቲሌጅ ሳይሳሳ ጉዳቱን የሚያሳይ፣ በኮንትራስት የሚሠራ የኤም አር አይ ምርመራ በእርግጥ አለ። ችግሩ፣ ምርመራ ቤቱ በስልክ የጠየቀዎት ስለ እሱ አይደለም። የኮንትራስቱን ዋጋ ከፍለው ቢገቡም እሷ ያነበበችውን ምርመራ አያገኙም።

ከካርቲሌጁ ልጀምር። ዶሮ ስትበለት የጭኗ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያዳልጥ ነጭ ሽፋን አለ። ካርቲሌጅ እሱ ነው። በእኛ ጉልበት ውስጥ የጭን አጥንትን ጫፍ፣ የቅልጥምን አናትና የጉልበት ሎሚን ጀርባ ይሸፍናል። ውፍረቱ በአብዛኛው ቦታ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። ከሎሚው ጀርባ ያለው ከዚያ ይበልጣል፤ በሰውነታችን ካሉት የመገጣጠሚያ ካርቲሌጆች ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው። ደም ሥር የለውም። ነርቭም የለውም። ይህን ያዙልኝ፤ ሁለቱም ወደ በኋላ ይፈለጋሉ።

ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ውሃውን ይዘው የሚያቆዩት ግላይኮሳሚኖግላይካን የሚባሉ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ስሙ ምላስ ያስራል፤ እኛም ባለሙያዎቹ «ጋግ» ብለን ነው የምንገላገለው። ጋግ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ውሃ ይስባሉ። ካርቲሌጁ ተወጥሮ ጫና የሚችለው በዚህ ነው። ኮላጅን የሚባለው መረብ ደግሞ ከልክ በላይ እንዳይወጠር ይይዘዋል።

መገጣጠሚያ መበላት ሲጀምር ቀድመው ከሚጎድሉት አንዱ ይሄው ጋግ ነው። በዚያ ጊዜ ካርቲሌጁ ቢለካ ውፍረቱ ያው ነው። አልተሰነጠቀም፤ አልተላጠም። ውስጡ ግን ላልቷል። መደበኛው ኤም አር አይ በዋናነት የሚያየው ቅርጽን ነው። ስንጥቅ፣ መሳሳት፣ እስከ አጥንት የደረሰ ቀዳዳ፣ ከሥር ያለው አጥንት ውስጥ የቋጠረ ውሃ ይታየዋል። ገና የላላውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የአክስትዎ ልጅ እዚህ ላይ እውነቷን ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቦስተን ውስጥ አዲል ባሺር፣ ማርታ ግሬይና ደቦራ በርስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ነገር አሰቡ። የመጀመሪያ ሥራቸው የታተመው በ1996 ነው። ጋዶሊኒየም በኤም አር አይ ማግኔት ውስጥ በአቅራቢያው ያለው ውሃ የሚሰጠውን ምልክት የሚቀይር ብረት ነው። ለብቻው መርዝ ስለሆነ በሌላ ሞለኪውል ተይዞ ነው የሚወጋው። እነሱ የተጠቀሙበት በ1988 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ማግኔቪስት ነበር፤ ለኤም አር አይ መጀመሪያ የተፈቀደው ኮንትራስት እሱ ነው። የዚህ ኮንትራስት ሞለኪውል ቻርጁ ኔጋቲቭ ነው። ካርቲሌጁም ኔጋቲቭ ነው። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ። ስለዚህ ጋግ የሞላበት ካርቲሌጅ ኮንትራስቱን ያስቀረዋል፤ ጋግ የጎደለበት ያስገባዋል። የሞላ ታክሲ ሰው ሲያይ አይቆምም፤ የሚቆመው ትርፍ ወንበር ያለው ነው። ኮንትራስቱ የት እንደገባ ካወቅን ጋግ የት እንደጎደለ አወቅን ማለት ነው።

ማሽኑ ይህን የሚያውቀው ቲ1 የሚባለውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ለክቶ ነው። ኮንትራስት የገባበት ቦታ ቲ1 ያጥራል። ውጤቱ የሚወጣው በቀለም ካርታ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ካርቲሌጅ ጋግ አለው፤ ዝቅ ያለበት ጎድሎታል። ዘዴው ዲጄምሪክ ይባላል።

አሁን አሠራሩን ይመልከቱ። መጠኑ ከተለመደው እጥፍ ነው፤ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.2 ሚሊሞል። ከተወጉ በኋላ ማሽኑ ውስጥ አይገቡም። ተነሥተው 10 ደቂቃ ያህል ይራመዳሉ። በሽተኛ በደም ሥሩ መርፌ ተሰክቶለት ኮሪደር ለኮሪደር ሲመላለስ ያየ ሰው ግራ ሊገባው ይችላል። ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቲሌጅ ደም ሥር የለውም ብያለሁ። ኮንትራስቱ በመጀመሪያ ወደ መገጣጠሚያው ፈሳሽ ይገባል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ካርቲሌጁ ይሰርጋል። መራመዱ ይህን ያግዛል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ለጉልበት ከመርፌው እስከ ፎቶው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል።

በሰፈር ምርመራ ቤት «ከኮንትራስት ጋር» የሚባለው ሌላ ነው። መጀመሪያ መደበኛዎቹ ፎቶዎች ይነሳሉ። ከዚያ እዚያው እንደተኙ ይወጋሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ድጋሚ ይነሳሉ። በዚያ ሰዓት ኮንትራስቱ ያለው ደም በሚዘዋወርበት ቦታ ነው። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ መቅኔ ውስጥ። ካርቲሌጁ ጋ ገና አልደረሰም። የቲ1 ካርታም ማንም አላነሳም። ስለ ካርቲሌጁ የሚነግርዎት ነገር ያለ ኮንትራስት ከሚነግርዎት ብዙም አይበልጥም።

በዚያ ላይ የኮንትራስቱ ዓይነት ተቀይሯል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ማግኔቪስትንና አንዳንድ መሰሎቹን በደም ሥር መስጠት እንዲቆም ወሰነ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሰጡት ጋዶሊኒየሙን አጥብቀው የሚይዙ፣ ቀለበት ቅርጽ ያላቸው ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጋዶቡትሮል ነው፤ በገበያ ስሙ ጋዶቪስት። ቻርጅ የለውም። ቻርጅ ከሌለው ጋግ አይገፋውም። ካልገፋው ደግሞ የዲጄምሪክ ሐሳብ ከሥሩ ይፈርሳል። ሌላው ቀለበት ቅርጽ ያለው ዓይነት፣ ዶታሬም፣ ቻርጅ አለው፤ ግን የማግኔቪስትን ግማሽ ነው። እንግዲህ ዘዴው የቆመበት መድኃኒት ከገበያ እየወጣ፣ ደህንነቱ የተሻለው ደግሞ ለዘዴው የማይመች ሆኖ ተገኘ። ዲጄምሪክ ከምርምር ቤት ወደ ተራው ሐኪም ቤት ያልወረደበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው ጊዜው ነው። አንድ ማሽን ለአንድ ጉልበት ይህን ሁሉ ወረፋ ማስያዝ ለማንም አይዋጥለትም።

በእኔ ግምት ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ካርታው ወጣ እንበል። ከሎሚው ጀርባ ጋግ ትንሽ ጎደለ ተባለ። ከዚያስ? የጎደለውን ጋግ ይመልሳል ተብሎ የተረጋገጠ ክኒንም መርፌም የለም። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ግሉኮሳሚን እንኳ በ2006 በወጣ፣ 1583 የጉልበት ሕመምተኞችን ባካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ በጥቅሉ ሲታይ ከባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ሐኪምዎ ካርታውን አይቶ የሚያዝልዎት ነገር ሳያይ ከሚያዝልዎት አይለይም። ክብደት መጠበቅ፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠንከር፣ ጫናን ማመጣጠን። ሕክምናን የማይቀይር ምርመራ ገንዘብና ሐሳብ ነው የሚጨምረው።

አንድ ቦታ ላይ ዘዴው በእርግጥ ሐኪሞችን ረድቷል። የዳሌ ጎድጓዳቸው ከልደት ጀምሮ ጥልቀት ላነሰው ወጣቶች አጥንቱን ቆርጦ የማስተካከል ቀዶ ሕክምና አለ። ቦስተን ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በዲጄምሪክ ቁጥራቸው በጣም ዝቅ ያለ ሰዎች ቀዶ ሕክምናው ብዙም አልያዘላቸውም። እዚያ ቁጥሩ «እንቅደድ ወይስ ይቅር?» የሚለውን ይወስናል። የእርስዎ ጉዳይ ግን ዳሌ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናም አልታሰበም።

አሁን ወደ ሩጫው። እዚህ ላይ ዲጄምሪክ ለእርስዎ ሳይወጉ የሚጠቅምዎትን ነገር አስቀድሞ ነግሮናል። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2004 ባወጡት ጥናት እንቅስቃሴ የማያደርጉ ሰዎችን፣ መጠነኛ ስፖርት የሚሠሩትንና ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ ሯጮችን ጉልበት በዚሁ ዘዴ አነጻጸሩ። ዝቅተኛው ቁጥር የማይንቀሳቀሱት ነበር። ከፍተኛው የሯጮቹ። በእርግጥ ይህ ብቻውን ብዙ አያስኬድም፤ ምናልባት ሯጭ የሚሆነው ድሮውኑ ጉልበቱ ጥሩ የሆነ ሰው ይሆናል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥናት ይበልጥ ደስ ይለኛል። እዚያው ስዊድን ኤቫ ሮስና ሌፍ ዳልበሪ በ2005 ያወጡት ነው። ሜኒስከሳቸው፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር፣ በከፊል ተቆርጦ የወጣላቸው፣ ጉልበታቸው ለመበላት የተጋለጠ 45 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት 3 ቀን፣ ለ4 ወር፣ በባለሙያ እየታየ እንቅስቃሴ ሠራ። ሌላው እንደነበረው ቀጠለ። ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ በዲጄምሪክ ተለኩ። እንቅስቃሴ የሠሩት ካርቲሌጅ ተሻሽሎ ተገኘ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካርቲሌጅ አንዴ ከተጎዳ የሞተ ቁስ ነው፣ በተጠቀሙበት ቁጥር ያልቃል የሚል እምነት በሕዝቡም በብዙ ሐኪሞችም ዘንድ አለ። «ጉልበትሽን አታስጨርሺ» የሚባለው ምክር ከዚያ የመጣ ነው። ካርቲሌጅ ግን ሕያው ነው። ደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ መታመቅና መለቀቅ ደግሞ ፈሳሹን ያንቀሳቅስለታል። በልክ ሲጫኑት ይጠነክራል። እረፍት ብቻ ከሰጡት ይደክማል። ልኩ የቱ ነው ለሚለው የሐኪምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እገዛ ያስፈልጋል። እስከዚያው ግን ቁልቁለት መሮጡንና ደረጃ እየዘለሉ መውረዱን ይቀንሱ። ሜዳ ላይ አጠር ያለ ሩጫ ይሞክሩ። በሩጫው ጊዜም ሆነ በማግሥቱ ሕመሙ ካልጨመረ ቀስ እያሉ መቀጠል ይቻላል። ከጨመረ ርቀቱን ይቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ አይተዉ።

ስግደቱንም ሊጠይቁኝ እንደሚችሉ ገምቻለሁ። ጉልበት እስከ መጨረሻው ታጥፎ ክብደት ሲጫነው ሎሚው ጭን አጥንቱ ላይ በኃይል ይጫናል። ሕመሙ ረገብ እስኪል ቁጥሩን መቀነስ፣ ወለሉ ላይ ወፈር ያለ ነገር ማንጠፍ፣ ሲነሱ በእጅ መደገፍ ይረዳል። የቀረውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። የታመመ ሰው የተለየ ፈቃድ እንደሚሰጠው ያውቁታል።

የነገሩኝ ምልክት፣ ማለትም ከፊት በኩል የሚሰማ፣ ደረጃ ሲወርዱ የሚብስ፣ ጉልበት ሲታጠፍ የሚነሳ ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሎሚውና ከጭን አጥንቱ መጋጠሚያ ነው። ቀጭ ቀጭ ማለቱ ብቻውን አያስፈራም፤ የብዙ ጤነኛ ሰው ጉልበትም ይጮኻል። ካርቲሌጅ ነርቭ የለውም ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። የሚያመው ካርቲሌጁ ራሱ አይደለም። ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን፣ ከሎሚው በታች ያለው ስብ፣ ጅማቱ ናቸው የሚያሙት። ስለዚህ ፎቶው ላይ የሚታየው ጉዳትና የሚሰማዎት ሕመም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ምን ያህል እንደማይሄዱ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ማሳቹሴትስ ውስጥ በፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ፣ ራጃቸው ላይ የመበላት ምልክት ያልታየ 710 ሰዎች ኤም አር አይ ተነሡ። ውጤቱ በ2012 ታተመ። ከ100 ሰው 89ኙ ቢያንስ አንድ የመበላት ምልክት ተገኘበት። ካርቲሌጅ የሳሳ፣ አጥንት የበቀለ፣ ሜኒስከስ የተቀደደ። ምልክቱ የሚያማቸውም የማያማቸውም ሰዎች ጉልበት ላይ ነበር። እርስዎ ገና 43 ነዎት፤ ሆኖም ሪፖርቱ ላይ «መጠነኛ የካርቲሌጅ መሳሳት» የሚል መስመር ቢያነቡ ዓለም አልተደፋም። ሪፖርቱን የሚጽፈው ራዲዮሎጂስት ያየውን ሁሉ ይጽፋል። የቱ ከሕመምዎ ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው ግን ጉልበትዎን በእጁ የመረመረው ሐኪም ነው።

ስለ ራጁ ትንሽ ልበል። «ንጹሕ ነው» የተባሉት ቆመው ነው ወይስ ተኝተው የተነሡት? ተኝተው ከሆነ ብዙም አይመኑት። በተኙበት ክብደት ስለማይጫን በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ሆኖ ይታያል። ቆመው ሲነሡ ነው እውነቱ የሚወጣው። በተለይ ለእርስዎ ደግሞ ጉልበት ታጥፎ ሎሚው ከላይ ወደ ታች የሚነሳበት ፎቶ አለ። እሱ ከሌለ፣ በሽታው አለበት ብለን የምንጠረጥረው ቦታ በደንብ ሳይታይ ነው ያለፈው። ዋጋው ከኤም አር አይ ጋር አይወዳደርም። ሐኪምዎን «መጀመሪያ ይህን ልነሳ?» ብለው ቢጠይቁት አይከፋም። ከጥቂት ወራት የጡንቻ ማጠንከሪያ በኋላ ለውጥ ከመጣ ኤም አር አዩ ራሱ ሊቀር ይችላል።

ኤም አር አዩን ከተነሡ ግን ለኮንትራስት የሚያስቡትን ገንዘብ ወደ ጥራቱ ያዙሩት። ሦስት ነገር ይጠይቁ። ማሽኑ ስንት ቴስላ ነው? ቴስላ የማግኔቱ ኃይል መለኪያ ነው። 1.5 ለዚህ ጉዳይ ይበቃል። 3 ቢሆን ቀጫጭን ነገሮችን ያጠራል። ጎኑ ክፍት የሆነውና ከግማሽ ቴስላ በታች የሆነው ማሽን ግን ለ3 ሚሊሜትር ካርቲሌጅ ይቸገራል። ቀጥሎ፣ የጉልበት ኮይል አላቸው? ጉልበቱን ዙሪያውን የሚይዝ መሣሪያ ነው። ያለሱ ወይም ለሌላ የሰውነት ክፍል በተሠራ ኮይል ከተነሡ ማሽኑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፎቶው ይደበዝዛል። ሦስተኛው፣ ሎሚውን በአግድም የሚቆርጠው ተከታታይ ፎቶ እንዲካተት ይንገሯቸው። ስብን አጥፍቶ የሚያነሳው ፕሮቶን ዴንሲቲ የሚባለው ዓይነት በሦስቱም አቅጣጫ ከተነሳ ለካርቲሌጅ የሚፈለገው በአብዛኛው ተሟላ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። እግርዎን አያንቀሳቅሱ። የአንገት መስቀልዎን፣ የጸጉር ሽቦና ጌጡን እቤት ትተው ይሂዱ፤ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

ያለ ኮንትራስት የካርቲሌጅን ውስጥ የሚለኩ ዘዴዎችም መጥተዋል። ቲ2 ማፒንግ የሚባለው ውሃውንና የኮላጅኑን መረብ ያያል። ባለ 3 ቴስላ በሆኑ ብዙ ማሽኖች ላይ ይሠራል። ሶዲየምን የሚያነሳም አለ፤ ሶዲየም ፖዘቲቭ ስለሆነ ጋግ ባለበት ይሰበሰባል፤ ከዲጄምሪክ ተገልብጦ ማለት ነው። ለእሱ ግን በጣም ኃይለኛ ማግኔትና የተለየ ኮይል ያስፈልጋል። ሁሉም ገና ከምርምሩ ብዙም አልራቁም። እነሱን ፍለጋ አይድከሙ።

ኩላሊትዎን ሳላነሳ አላልፍም። እዚህ አገር ሰው ብዙ ጊዜ የሲቲ ስካኑንና የኤም አር አዩን ኮንትራስት ያምታታል። የሲቲው አዮዲን ነው። የኤም አር አዩ ጋዶሊኒየም ነው። ጨረርም የለውም። ጋዶሊኒየም ከሰውነት የሚወጣው በዋናነት በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ቶሎ የሚላቀቅ ዓይነት ከሆነ ብረቱ ከያዘው ሞለኪውል ያመልጣል። ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ቆዳቸው እየጠነከረ፣ መገጣጠሚያቸው እየተቆለፈ የመጡ የኩላሊት ሕመምተኞች ታዩ። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በ2006 አውሮፓ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ከጋዶሊኒየም ጋር አያያዙት። በ2014 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ደጋግመው በተወጉ ሰዎች አንጎል ውስጥ የጋዶሊኒየም ርዝራዥ የሚመስል ምልክት አዩ። ያ ርዝራዥ በአንጎል ላይ ያደረሰው የተረጋገጠ ጉዳት የለም። ቢሆንም የ2017ቱ የአውሮፓ ውሳኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን የምነግርዎት ላስፈራዎት አይደለም። ቀለበት ቅርጽ ባላቸው ዓይነቶች ያ የቆዳ በሽታ እጅግ ብርቅ ነው። የዲጄምሪክን ዘዴ ግን እንደገና ይዩት። የቆየው ዓይነት ኮንትራስት፣ በእጥፍ መጠን፣ ክሬቲኒኗ ከፍ ብሏል ለተባለች ሴት። አልጽፈውም። ለሌላ ጉዳይ ኮንትራስት ቢያስፈልግዎትስ? «ትንሽ ከፍ ብሏል» ለእኔ አይበቃኝም። ክሬቲኒኑ እንደገና ተለክቶ፣ ከዕድሜና ከፆታ ጋር ተሰልቶ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በቁጥር ይውጣ። ከ30 በታች ከሆነ የቆዩት ዓይነቶች ጨርሶ አይሰጡም፤ አዲሶቹም በጥንቃቄ ነው። ከ60 በላይ ከሆነ ለአንድ መደበኛ መጠን የሚያሳስብ ነገር የለም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ቁጥር ኤም አር አይ ባይነሳም ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ከጉልበቱ ይልቅ እሱን ያስቀድሙ ብዬ እመክራለሁ።

ለጉልበት ኮንትራስት በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሲጠረጠር፣ እንደ ሪህ ያለ የመገጣጠሚያ ሽፋን መቆጣት ምን ያህል እንደሆነ መለካት ሲያስፈልግ፣ እባጭ ሲኖር። እዚያ ኮንትራስቱ ሥራውን ይሠራል፤ የሚያየውም ደም የሚበዛበትን ነው። ሜኒስከሳቸው ከዚህ በፊት ተሰፍቶላቸው ድጋሚ ተቀደደ ወይ ለሚባሉት ደግሞ ኮንትራስቱን አቅጥኖ በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ መውጋት ይቻላል። ጉልበት ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ ከ30 እስከ 50 ሚሊሊትር ይሆናል። ፈሳሹ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ያበራዋል። የእርስዎ ጉልበት በሁለቱም አይመደብም።

ማዘዣው ላይ ሐኪምዎ «ኮንትራስት» ብሎ ካልጻፈ ለምርመራ ቤቱ «ያለ ኮንትራስት ነው የታዘዘልኝ» ይበሏቸው። ካልገባቸው ራዲዮሎጂስታቸው ለሐኪምዎ ይደውልለት። እስከዚያው ጉልበትዎ በድንገት ካበጠ፣ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ፣ ሲቆሙ ከከዳዎት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣ ወረፋውን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይታዩ።